ከምክር በፊት ማድመጥ፤ የአማካሪዎች ሥልጠና ሲመረመር

በአማርኛ «ምክር» የሚለው ቃል ከባድ ትርጉም ተሸክሞ ኖሯል። ምክር ሰጪው ዐዋቂ ነው፤ ተቀባዩ ያጠፋ ወይም ለማጥፋት የተቃረበ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባልም መካሪውን ከኃላፊነት ነጻ አውጥቶ ውድቀቱን ሁሉ በተመካሪው ላይ ያደርጋል። በዩኒቨርሲቲዎችና በመምህራን ኮሌጆች የሚሰጠው የሥነ ልቡና ርዳታ «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ሲሰየም ይህ ትርጉም አብሮት ገብቷል። የሙያው ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። ሙያው ባለጉዳዩ ያለፍርሃት እንዲናገር፣ የተናገረውም በሚገባ እንዲደመጥና መውጫውን ራሱ እንዲያገኝ የመርዳት ሥራ ነው። በዚህ ልዩነት ሳቢያ በአማካሪዎች ሥልጠና ላይ የሚታየው ጉድለት እንደ ሰቆጣና እንደ ዋግ ኽምራ ደጋ ባለ ስፍራ ሲመዘን ጎልቶ ይታያል።

ምክርና ማድመጥ የተምታቱት በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ በቦስተን ከተማ የሥራ መምረጫ ቢሮ ሲያቋቁም ዋና ዓላማው ወጣቶችን ከሚስማማቸው ሥራ ጋር ማገናኘት ነበር። የተማሪዎች መመሪያና ምክር የሚባለው ዘርፍ ከዚህ ዓይነት ሥራ አድጎ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ካርል ሮጀርስ ባሳተመው መጽሐፍ የአማካሪው ዋና ተግባር መመሪያ መስጠት ሳይሆን የባለጉዳዩን ስሜት ተረድቶ መልሶ ማሳየት መሆኑን አስተማረ። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በድምፅ ማሽን የተቀዳ አንድ ሙሉ የምክር ሂደት ቃል በቃል አትሟል። ይህ ለሥልጠና ትልቅ ቁም ነገር ነበር። አማካሪው ሊል ያሰበውን ብቻ ሳይሆን በእርግጥ ያለውን ነገር መመርመር የተቻለው በዚህ መንገድ ነውና።

ወደ ሀገራችን ሲመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የወጣው የአጠቃላይ ሥነ ልቡና ሞጁል ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሞጁሉን ያዘጋጀው በ2014 ዓ.ም. ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የተዋሐደው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከመማርና ከማስታወስ ንድፈ ሐሳብ ባሻገር ስለ ሥነ ልቡና ሕመሞች፣ ስለ ውጥረትና ስለ ንዴት አያያዝ፣ ስለ አጠናን ዘዴም ትምህርት ይሰጣል። የየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ተማሪ ስለ ራሱ አእምሮ ጥቂት እንዲያውቅ ማድረጉ ትክክል ነው። ይሁንና ሞጁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ስለ ጭንቀት የሚማርበት ቋንቋና የሚጨነቅበት ቋንቋ አንድ አይደሉም። ለተራው ተማሪ ይህ አነስተኛ ጉድለት ሊባል ይችላል፤ አማካሪ ለመሆን ለሚሠለጥነው ግን መሠረታዊ ጉድለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አፉን በኽምጣኛ የፈታ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ያዳበረ፣ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተል የዋግ ኽምራ ልጅ ይታሰብ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልሏል፤ የዚህም ተማሪ ቤተሰብ ከእነዚያ አንዱ ነው እንበል። ተማሪው ወደ አማካሪ ክፍል ገብቶ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ይህን ቃል በጥሞና የሰማ አማካሪ ሁለት ነገር ይረዳል፤ አንደኛ ሰውዬው በብርቱ መጨነቁን፣ ሁለተኛ ምስጢሩን ለማን እንደሚያወጣ ገና እየመዘነ መሆኑን ነው። ምክር ለመስጠት ብቻ የተዘጋጀ ሠልጣኝ ግን ዝምታው ያስፈራውና «አይዞህ፣ ትምህርትህን በርትተህ ተከታተል» ብሎ ያሰናብተዋል። ንግግሩ ቅን ነው፤ በሩ ግን በዚያው ተዘጋ።

በመጠይቅ መተማመንም ችግሩን አይፈታውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር አገልግሎ ጠቃሚነቱ ታይቷል። ከጥያቄዎቹ መካከል የምግብ ፍላጎት መቀነስና በሆድ ውስጥ የሚሰማ ምቾት ማጣት ይገኙባቸዋል። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ በምግብ እጥረት በተፈተነ አገር አንድ ተማሪ ስለ ምግብ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ስለ ሐዘኑም፣ ስለ ጾሙም፣ ስለ ባዶ ሌማቱም ሊሆን ይችላል። መልሱ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያመለክት ለመለየት ጠይቆ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። የሠለጠነ ባለሙያ በጠፋበት አገር ቀና ምክር የሚሰጥ መምህር መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕዝቡም በሽማግሌና በነፍስ አባት ሲመከር ኖሯል ይባላል። የተቃውሞው መነሻ እውነት ነው። ነገር ግን ባህሉ በሚገባ ከተጠና የሚደግፈው ሌላውን ወገን ነው። የነፍስ አባት ቀኖና የሚሰጠው ኑዛዜ ከሰማ በኋላ ነው፤ የሰማውንም አያወጣም። ሽማግሌም ቢሆን የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈርድም። ስለዚህ መስማትን ማስቀደምና ምስጢርን መጠበቅ ከውጭ የመጣ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ባህሉ የሚያውቀውን ይህን ቅደም ተከተል ሥልጠናው ረስቶታል።

እንግዲህ የሚፈለገው ማሻሻያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሠልጣኙ በተግባር ልምምዱ ወቅት ከባለጉዳዩ ጋር የተነጋገረውን፣ ፈቃድ አግኝቶና ስም አስቀርቶ፣ በተነገረበት ቋንቋ ቃል በቃል ይጻፍ፤ ልምድ ያለው ባለሙያም አብሮት ያንብበው። ሠልጣኙ መቼ እንደቸኮለና የትኛውን ቃል ሳይሰማ እንዳለፈ በዚያ ወረቀት ላይ ይታያል። ባለጉዳዩ በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚፈልግ በመጀመሪያ ይጠየቅ፤ አስተርጓሚ ካስፈለገም ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ አይሁን። ከሁሉ በላይ ግን አማካሪው የዲስፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኖ አይመደብ። ጠዋት የሰማውን ምስጢር ከሰዓት በኋላ በቅጣት ጉባኤ ላይ ይዞት ይቀርባል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ሆዱን የሚከፍት ተማሪ አይኖርም።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የምክር አገልግሎትን የሚመዝኑት ብዙውን ጊዜ በተቋቋመው ክፍልና በተመደበው ሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የወጣው ተማሪ በመዝገቡ ላይ «አገልግሎት ያገኘ» ተብሎ ይቈጠራል። ትክክለኛው መመዘኛ ያ ተማሪ ተመልሶ መምጣቱና አለመምጣቱ ነው።