ኦስሎ የገባው የጣና ደንገል

ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም የጣና ደንገል አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከሐይቃችን ባስቆረጠው ደንገል፣ በቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ ያሠራት ‹‹ራ 2›› የተባለች ጀልባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። የሄየርዳልን የደንገል ጀልባ ጉዞዎች የሚተርከው ‹‹ራ›› የተሰኘ ዘጋቢ ፊልምም ለኦስካር ታጨ።

ቀረጻ ሲያልቅ የፊልም ዕቃ ብዙ ጊዜ የትም ይጣላል፤ ይህችን ግን ጠብቀው አኖሯት። ተመልካች ከማዕበል ስትታገል በፊልም ያያትን ጀልባ እዚያ በአካል ያገኛታል፤ የእስሩን ውፍረት፣ የገመዱን ጥብቀት ያያል። ለማስመሰል የተሠራች አይደለችም፤ ውቅያኖሱን በእርግጥ ተሻግራለች። ውበቷም እዚህ ላይ ነው።

የባሕር ዳር ታንኳ ሠሪዎች ዛሬም ይህንኑ ደንገል ያስራሉ። እንደ ኦስሎው ሁሉ፣ ከአገራችን ፊልሞች የተረፈውን ልብስ፣ ካሜራና ፖስተር የሚያኖር ቤት በዚሁ በጣና ሐይቅ ዳር ቢቆም ያምርበታል።