ጠማማ የመሰለን ቀለበት

በሰው ሥራ ላይ ፍርድ መስጠት የተለመደ ነገር ነው፤ የሰጡትን ፍርድ መልሶ መመርመር ግን እምብዛም አልተለመደም። በሥነ ጥበብ ላይ የሚሰጠው ፍርድማ አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፈው በዓይን ልማድ ስለ ሆነ፥ ልማዱ ራሱ ሳይመረመር ከቀረ ያልተለመደው ሁሉ ጉድለት ይመስላል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ እኛው ራሳችን የሰጠነውን አንድ ፍርድ በአንባቢ ፊት ለማንሣት ነው።

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወደምትገኘው ወደ ጨፋ ሮቢት ለሥራ ሄደን ሳለ፥ ተማሪዎች የሳሏቸውን ሥዕሎች እንድንመዝን ተጋበዝን። የተሰጣቸው ርእስ «የነገው ኃይል» የሚል ነበር። ግድብ የሳለ አለ፤ በነፋስ የሚዞር መዘውር የሳለች አለች። ከሁሉ ልቀው ለመጨረሻው ውድድር የቀረቡት ሁለት ሥዕሎች ግን፥ ፀሐይ ኃይሏን የምታገኝበትን የአቶም አስኳሎች ውሕደት በምድር ላይ ለማስገኘት የተሠሩ መሣሪያዎችን የሚያሳዩ ነበሩ። አንደኛው እንደ አምባር የተስተካከለ ቀለበት ነው። ሁለተኛው፥ አንዲት ተማሪ ከሳይንስ መጽሐፍ ተመልክታ የሳለችው፥ የተጠማዘዘ ቀለበት ሲሆን፥ የከበቡት የሽቦ ጥቅሎችም ሰው በእጁ እንዳጣመማቸው ያህል ወዲያና ወዲህ የተቈለመሙ ነበሩ። ሽልማቱን ለመጀመሪያው ሰጠን፤ በሁለተኛው ላይ ግን «ሚዛን ይጐድለዋል» ብለን በቀይ ቀለም ጻፍንበት። ተማሪዋ ምንም አልተናገረችም። የፊዚክስ መምህሯ ብቻ ዝግ ባለ ድምፅ «ክፍሎቹን ቈጥራችኋቸዋል?» ብሎ ጠየቀን። አልቈጠርንም ነበር።

በማግሥቱ ከመምህሩ ጋር ወደ ገበያ ወጣን። ቦርከና ከሚያጠጣው ከጨፋ ሜዳ አጠገብ ያለ አገር ሣርና ቄጤማ የሚያውቅ አገር ነው። አንዲት ባልቴት ከደረደሯቸው መሶቦች አንዱ ዓይናችንን ሳበው፤ አለላው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዙ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነበር። ቀኙ ከግራው ጋር ለምን እንደማይገጥም ብንጠይቃቸው፥ «አብሽሩ ልጆቼ፤ ይኼ የሚገጥም አይደለም፥ የሚዞር ነው። አዙራችሁ እዩት» አሉን። ብናዞረው በየስድስተኛው እጅ ያው ሐረግ ተመልሶ መጣ። ይህን እንዴት እንደሚጠብቁት ስንጠይቃቸውም፥ በየዙሩ እየቈጠሩ አለላውን እንደሚያስገቡ፥ አንዲት ስፌት የተሳሳተች እንደ ሆነ ግን ስሕተቱ ብዙ ዙር ካለፈ በኋላ እንደሚታይና ያን ጊዜ መተርተር ግድ እንደሚሆን ነገሩን።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥዕሉ ተመልሰን ቈጠርን። ተማሪዋ የሳለችው በጀርመን አገር በግራይፍስቫልት ከተማ የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያውን ፕላዝማ ያስገኘውን ቬንደልሽታይን 7 ኤክስ የተባለውን መሣሪያ ነው። ጠማማ ያልናቸው ጥቅሎች 50 ናቸው፤ ነገር ግን ዐይነታቸው 5 ብቻ ሲሆን፥ ከእያንዳንዱ ዐይነት 10 ተሠርቷል። መላው አካል በ5 ተመሳሳይ ክፍሎች የተዋቀረ በመሆኑ፥ የክበቡን አምስተኛ እጅ፥ ማለት 72 ዲግሪ ቢዞር፥ ቅርጹ በራሱ ላይ ይገጥማል። የእያንዳንዱም ክፍል አንደኛው ግማሽ የሌላው ግማሽ ግልባጭ ነው። ሲሜትሪ የሚባለው የቅርጽ መመጣጠን በሥዕሉ ውስጥ ሞልቶ ሳለ፥ እኛ የፈለግነው ግን በሁለት የበር ሳንቃዎች ወይም በመስቀል ሐረግ ላይ የለመድነውን የቀኝና የግራ እኩልነት ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ቀለበቱ መጠማዘዝ ለምን አስፈለገው? አስኳሎቹ እንዲዋሐዱ በምድር ላይ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል። በዚህ ሙቀት ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል፤ ይህንንም የሚችል የብረት ዕቃ ስለሌለ፥ በማግኔት ኃይል ከግድግዳ ተለይቶ ይያዛል። በተራ ቀለበት ውስጥ ግን የማግኔቱ ኃይል በውስጠኛው ዙሪያ ይበረታል፥ በውጭኛው ይደክማል፤ ከዚህም የተነሣ ቅንጣቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተቱ ያመልጣሉ። ስለዚህ የማግኔቱ መስመር እንደ ገመድ መገመድ አለበት። የሶቪየት ሊቃውንት ኢጎር ታምና አንድሬይ ሳኻሮቭ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ያሰቡት ቶካማክ በፕላዝማው ውስጥ ኤሌክትሪክ እያስኬደ ይገምደዋል፤ መልኩም የተስተካከለ ቀለበት እንደ ሆነ ይቀራል። አሜሪካዊው የከዋክብት ሊቅ ላይማን ስፒትዘር በ1951 ያሰበው ስቴላሬተር ግን መያዣውን ራሱን ያጣምማል፤ የመጀመሪያው ንድፍም የ8 ቍጥርን ቅርጽ የያዘ ነበር። ሽልማት ያገኘው ሥዕል ቶካማክ፥ የተነቀፈው ስቴላሬተር ነበር ማለት ነው።

በዚህ ስፍራ ግን ከአንድ ስሕተት ወጥተን ወደ ሌላ ስሕተት እንዳንገባ መጠንቀቅ ይገባናል። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲያዩ፥ ሠሪዎቹ እንደ ቀራፂ በውበት ተመስጠው የቀረፁት ይመስላቸዋል። የቬንደልሽታይንን ቅርጽ የመረጠው ግን የኮምፒዩተር ስሌት ነው፤ ጥያቄውም «የትኛው ቅርጽ ቅንጣቶቹን ይይዛል?» የሚል እንጂ «የትኛው ያምራል?» የሚል አልነበረም። ሌሎች ደግሞ መሶቡን አንሥተው «እናቶቻችን ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር» ለማለት ይቸኩላሉ። ባልቴቷ ያወቁት የስፌትን ቍጥር ነው፤ ይህም ያለ ተጨማሪ ውዳሴ የሚከበር ዕውቀት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በጥንቃቄያቸው ነው። በቬንደልሽታይን የማግኔቱ መስክ ከታሰበው ቅርጽ የተዛባው ከ100,000 አንድ እጅ ባነሰ መጠን መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረጋግጧል። በዚያም ሥራ እንደ መሶቡ ሁሉ፥ ትንሽ ስሕተት ዙሩ በተደጋገመ ቍጥር ትታያለች።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። ዩርገን ኑረንበርግና የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፥ መልኩ ያልተመጣጠነ ሆኖ፥ የማግኔቱ ጉልበት ግን በቅንጣቷ መንገድ ላይ በተመጣጠነ ሥርዓት የሚገኝበት ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ስቴላሬተር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ከውጭ ለሚያይ ዓይን የተሰወረ፥ በውስጡ ለሚጓዝ ግን የሚገለጥ መመጣጠን አለ ማለት ነው። ሥነ ጥበብን ለሚመዝን ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የሚገኝ አይመስለንም።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ሥዕል አናቃልልም። በፈረንሳይ አገር በመሠራት ላይ ያለው ኢተር የተባለው ታላቅ ቶካማክ ዙሪያውን በ18 ጥቅሎች ይከበባል፤ መልኩም ግርማ አለው። ነገር ግን ለመስተካከሉ ዋጋ ይከፍላል፤ በፕላዝማው ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት ሊቋረጥና መሣሪያውን ሊጐዳ ይችላልና። ስቴላሬተርም በበኩሉ ለመሠራት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ መንገድ ለከተማ መብራት የሰጠ ጣቢያ የለም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን አሸናፊ ማድረግ የእኛ ፈንታ አይደለም።

የእኛ ፈንታ የነበረው፥ ቅርጹ ምን እንዲይዝ እንደ ተሠራ ጠይቀን፥ አዙረን አይተን፥ ከዚያ በኋላ መፍረድ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ቀይ ብዕር የያዙ መምህራን ሁሉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ የተማሪን ዝምታ ስሕተትን እንደ ማመን መቍጠር አይገባምና።

ሽልማት የተቀበለውን ልጅ ሽልማቱን መንሣት ተገቢ ስላልሆነ አልነሣነውም። ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰን የተማሪዋን ሥዕል አስወረድን። ቀዩን ጽሑፍ ለመፋቅ ብንሞክር ወረቀቱ ሊቀደድ ሆነ፤ ስለዚህ እንዳለ ተውነውና ከሥሩ እንዲህ ብለን ጻፍንበት፦ «5 ጊዜ ይደጋገማል። ፈራጆቹ አልቈጠሩም ነበር።»