ጣፋጭና ቡና ብቻ

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዳማምና በኮባር የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች፣ ምግብ ቤት ገብቶ ጣፋጭና ቡና ብቻ ማዘዝ ሊመሰገን የሚገባው ልማድ ነው። የበጋው ሙቀት ቀን ከቤት አያስወጣም፤ ሰው የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ራቱን በልቶ ነው። የሚፈልገው መቀመጫና ጨዋታ ነው። የአገሩ ወግም ይህንን ይደግፋል፤ ሄል የገባበት፣ ወርቅማ መልክ ያለው ቡና በትንሽ ሲኒ ጥቂት በጥቂት ይቀዳል። ስኳር የለውም፤ የሚያጣፍጠው ከጎኑ የሚቀርበው ቴምር፣ በተለይም ኸላስ የሚባለው የአል አህሳ ዝርያ ነው። የበቃው እንግዳ ሲኒውን ነቅነቅ ያደርጋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓረብ ቡናን በቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንኑ መስተንግዶ ነው። ቡናን ከነቁርሱ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊም እንግዳ ነገር አይደለም።

«ራት የሚበላ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ጠረጴዛ መያዝ ነውር ነው» የሚል ይኖራል። በራት ሰዓት ልክ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ግን ባዶ ወንበር ለቤቱ ምንም አያስገባም፤ አንድ ሳህን ኩናፋ የተባለው ጣፋጭና አንድ ጀበና ቡና ግን ያስገባል። ለቤተሰቡም ኪስ ይቀላል፤ ምግብም አይጣልም። ስለዚህ ሰዓት መርጣችሁ ግቡ፣ ሳትሸማቀቁ እዘዙ፣ ወረፋ ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ተነሡ።