ውሃውን ማን ቀዳው?

ፈረንጅ በጎ ፈቃደኞች ስለ አፍሪካ ገጠር ኑሯቸው ከጻፏቸው መጻሕፍት ሦስት አራቱን ያነበበ ሰው፣ አምስተኛውን ሳይከፍት ሊተርከው ይችላል። መኪናው ልጁን መንደር ጥሎት ይሄዳል። ሕፃናት ይከቡታል። ሌሊት አይጥ ጣሪያው ላይ ይሯሯጣል፣ ሆዱ ይታመማል፣ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው፣ ገላውን በባልዲ ይታጠባል። ከዚያ ቀስ በቀስ ቋንቋው ይገባዋል፣ በእጁ መብላት ይቀለዋል፣ በመጨረሻም ላስተምር መጥቼ ተምሬ ሄድኩ ይላል። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2005 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስለ አፍሪካ የሚጻፍበትን ዘይቤ በግራንታ መጽሔት ላይ ካሾፈበት ወዲህ፣ በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት መሳቅ ቀላል ሆኗል። እንዲያውም በጣም ቀለለ። ተስቆ ሲያበቃ ግን አንድ ተራ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፦ ያንን የባልዲ ውሃ ማን ቀዳው?

አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። «መልመድ» የአንድ ሰው ሥራ ነው። «መላመድ» ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል። እነዚህ መጻሕፍት ስለ መልመድ ይጽፋሉ፤ መንደሩ ውስጥ ሲካሄድ የከረመው ግን መላመድ ነው። እንግዳው ሙቀቱን ሲለምድ ጎረቤቱ ደግሞ እንግዳውን ይለምዳል፦ የማይበላውን ያጠናል፣ የተሰባበረ ንግግሩን ይተረጉማል፣ ሲታመም ይደነግጣል፣ ልጁን ውሃ ቅጂለት ብሎ ይልካል። ይሄ ሁሉ ሥራ ነው እኮ! ያውም ማንም የማይከፍልበት ሥራ።

ከዚህ ወገን ካነበብኳቸው ውስጥ የማይክ ቲድዌል «የካላምባዪ ኩሬዎች» ይህንን ሳይሸሽ የነካ ይመስለኛል። ቲድዌል በ1985 ወደ ያኔዋ ዛየር የሄደው ገበሬዎች ኩሬ ቆፍረው ቲላፒያ የተባለውን ዓሣ እንዲያረቡ ለማስተማር ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ኢሉንጋ በአካፋ ሲቆፍር ከርሞ፣ ዓሣውን ሲመግብ ከርሞ፣ የምርቱ ቀን ይደርሳል። ዘመድና ጎረቤት ዕቃ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ኢሉንጋም ያድላል። ቲድዌል ዳር ቆሞ ያያል፤ ደሙ ይፈላል። ያ ሁሉ ድካም ትርፍ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ፤ ባለቤቱ ግን ይሰጣል፣ ይሰጣል። በኋላ ሲከራከሩ ፈረንጁ የሚረዳው ነገር ቢኖር፣ ሲቸግረው የሚደርሱለትን ሰዎች ኢሉንጋ ባዶ እጃቸውን ሊሸኝ እንደማይችል ነው። ደቦ የወጣ፣ ዕድር የገባ የእኛ አገር ሰው ይሄን ለመረዳት ምዕራፍ ሙሉ አይፈጅበትም፤ ቢሆንም የምዕራፉ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው። ቲድዌል ራሱ በዚያው ስጦታ የሚኖር ሰው መሆኑን ያየዋል። እየዞረ የሚጋበዘው ምግብ ከዚያ የተለየ አይደለም። ለእሱ ሲሰጥ ደግነት የነበረው፣ ለአክስት ልጅ ሲሰጥ ብክነት ሊሆን አይችልም።

የአገሩን አረቄ እንዴት እንደለመደና በኋላም እንዴት እንደተቸገረበት አለመደበቁንም እወድለታለሁ። መልመድ ሁልጊዜ ጥሩ ነገር ነው ያለው ማን ነው?

የጆርጅ ፓከር «የመጠበቂያ መንደር» ሌላ ዓይነት ሐቀኝነት አለው። ቶጎ ውስጥ ላቪዬ በሚባል ቦታ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ውሉ ሳያልቅ ትቶት ወጣ። በ1988 የታተመው መጽሐፉ ይህን አይሸፍንም፤ ማጽናኛም አይፈልግለትም። ከዚህ በላይ ብዙ አልልም፤ የፖለቲካው ክፍል ከመንደሩ ክፍል ይበልጣል።

ነገሩን ለፈረንጅ ብቻ ጥለን ግን አናመልጥም። እኛ ዘንድ ሕዝቡ «ፒስ ኮር» ይላቸው የነበሩት አሜሪካውያን በ1962 መጥተው አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሲሆኑ፣ ምግብ የምታበስልላቸው ሠራተኛ የቀጠሩ፣ ተማሪ ቤታቸው ያስጠጉም ነበሩ። አስተማሪዎቹ ትዝታቸውን ብዙ ጽፈዋል። የሠራተኛዋን ትዝታ የጠየቀ ግን ስንት ነው? በእኛው አቆጣጠር በ1967 ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የራሳችን ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወርደዋል። እነሱም የሚያስተምሩት ፊደል ነበራቸው፤ እነሱም ጭቃውን፣ ቁንጫውን፣ ብርዱን «ለመዱ»። የዘመቻ ወግ ሲነሳ ጎልቶ የሚሰማው የዘማቹ ድምፅ ነው። ገበሬውና ሚስቱ ከተሜውን ልጅ እንዴት እንደቻሉት የሚተርክ ወግ በሞቅታ ሲወራ አልሰማሁም።

ስለዚህ የክሪስ ሆሎዌይን «ሞኒክና የማንጎው ዝናብ» (2006) ስከፍት በጉጉት ነበር። ርዕሱ ላይ የተቀመጠችው አስተናጋጇ ናት። ሞኒክ ማሊ ውስጥ ናምፖሴላ በሚባል መንደር አዋላጅ ነበረች፤ ደመወዟ በራሷ እጅ አይገባም ነበር፤ ስንቱን ሕፃን ተቀብላ በመጨረሻ ራሷ በወሊድ ሞተች። ሆሎዌይ በፍቅር ጽፋዋለች፤ የማዋለጃ ክፍሉ ትዕይንቶች ከእጅ ሥራ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ስሜት አይበዛባቸውም። እነዚህን ገጾች ከብዙ የመንደር ትዝታ አስበልጣቸዋለሁ።

ግን እዚህም ቢሆን የምንቀመጠው በአንድ ወገን ወንበር ላይ ነው። ሞኒክ ባለ ታሪክ ሆና እንኳ የምትታየው በጓደኛዋ ዓይን ነው። ያቺ ቱባብ የመጣች ሰሞን ምኗ አስቸገራት? ሌሊቱን ምጥ ላይ አድራ ሲነጋ እንግዳ ማስተናገዱ አልሰለቻትም? ማታ ከሴቶቹ ጋር ወፍጮ ቤት ስትገናኝ ስለ ፈረንጇ ምን ብላ ሳቀች? በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተላመዱት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ማስታወሻ ደብተር የያዘችው ግን አንዷ ናት።