ወደ ኩኒ ሙክታር ስለ ተደረገው የተማሪዎች ጉዞ የቀረበው ሐተታ ሲመረመር

ባለፈው ጥር የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ወደ አዋሽና ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ያደረግነው የትምህርት ጉዞ ሐተታ ተጠርዞ ለክፍሉ ቀርቧል። ከፈረሙት አንዱ እኔ ስለ ሆንሁ፥ ይህ ትችት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ራሴን ነው። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስለ አዋሽ የተጻፈው ክፍል ሊመሰገን ይገባዋል። በዚያ አካባቢ አኑቢስና ሐማድርያስ የሚባሉት ሁለቱ የዝንጀሮ ዐይነቶች እንደሚገናኙና እንደሚዳቀሉ የታወቀ ነው። ጓደኞቻችን የወንዶቹን ጎፈርና የፊታቸውን ቀለም ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር መዝግበዋል፤ ሊወስኑ ያልቻሉትንም «አልተለየም» ብለው ትተውታል። ሳላዎቹም እንዲሁ ተቈጥረዋል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) አድረን ከተነሣን በኋላ ነው። የኩኒ ሙክታር መጠለያ በ1990 የተቋቋመው ስለ አንድ እንስሳ፥ ስለ ደጋ አጋዘን ማለትም ስለ ኒያላ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኝም፤ ሳይንሳዊ ስም ያገኘውም በ1910 ነው። ሐተታችን ግን በአንዲት መስመር «በኩኒ ሙክታር ኒያላ የለም» ይላል።

ይህን ለማለት ምን ማስረጃ ነበረን? ቁርሱና የጫት ገበያውን ማየቱ አዘግይቶን ከጭሮ የተነሣነው በ4 ሰዓት ነው። ጫካው የገባነው ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፥ 8 ሰዓት ሳይሞላ ወጥተናል። 23 ሰዎች በአንድ ቀጭን መንገድ ተሰልፈን፥ ግማሻችን ጮክ ብለን እየተጫወትን ነበር። ኒያላ ደግሞ በጧትና ወደ ማታ ወጥቶ የሚመገብ፥ ቀትር ላይ በቊጥቋጦና በዛፍ መካከል የሚሸሸግ አውሬ ነው።

አንድ የመንደሩን ሽማግሌ «አባባ፥ እዚህ አጋዘን አለ?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። «አለ እንጂ ልጆቼ! በዚህ ፀሐይ ምን ሊሠራ ይወጣል?» አሉን። ይህ መልስ በሐተታው ውስጥ የለም። እርግጥ ነው፥ መልሱ ብቻውን አይበቃም፤ አጋዘን ስንል ቈላ የሚውለውን፥ ቀንዱ ይበልጥ የሚጠማዘዘውንና ጎኑ በነጭ መስመር የተሸነተረውንም እንጨምራለንና። ቀንዱን በመሬት ላይ በበትራቸው እንዲሥሉልን ብንለምናቸው ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በኦሮምኛ ምን ብለው እንደሚጠሩት እንኳ የጻፈ የለም፤ ያውም ቋንቋውን የሚናገሩ አራት ጓደኞች ይዘን።

ስዊሳዊው ሐንስ ኩመር በ1960 እና በ1961 በኤረር ጎታ፥ ያን ጊዜ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በነበረው ቦታ፥ ሐማድርያስን ሲያጠና ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩባቸውን ገደሎች መሠረት አድርጎ ነበር። ሲመሽ የሚሰበሰቡት፥ ሲነጋ የሚበተኑት ከዚያ ነውና። በ1968 ያሳተመው መጽሐፍ በእኛው ቤተ መጻሕፍት ሳይኖር አይቀርም፤ ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት ማናችንም አልገለጥነውም። የኩመር ገንዘብና ጊዜ የለንም የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። ጭሮን በሌሊት ለመልቀቅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ መሬትም ማገዶም ያስፈልገዋል፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። መጠለያው ግን የቆመው ስለ ኒያላ ከሆነ፥ «የለም» የሚል የተማሪዎች ፊርማ ያለበት ወረቀት ደኑን ለመመንጠር ለሚሻ ሁሉ ምስክር ሊሆነው ይችላል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ገጹን በመስመር ከፍለን በግራ ያየነውን፥ በቀኝ ያሰብነውን እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበር፤ ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ዐረፍተ ነገሩ «በጥር ወር በአንድ ቀን ቀትር ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ተዘዋውረን ኒያላ አላየንም፤ ኮቴውንና በጠጡን አልፈለግንም» ተብሎ እንዲታረም ለክፍሉ አመልክቻለሁ። ከፈረሙት መካከል ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የቀሩት ገና አልመለሱልኝም።