በአንድ ጉልበት የሚገዛው ጀግና፤ የ«ሰንስፖት» ካርታ ሚዛን

«ማርቨል ስናፕ» በተባለው የካርታ ጨዋታ ውስጥ «ሰንስፖት» የሚባል ካርታ አለ። ጨዋታው ሲወጣ ዋጋው 1፥ ኀይሉም 1 ብቻ ነበር። ስለ እርሱ በተጫዋቾች ዘንድ ሁለት ፍርዶች ይሰማሉ። አንደኛው ቁጥሩን አይቶ «ይህስ ለምን ይረባል?» ብሎ የሚጥለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «አስቀምጠው፤ ራሱ ያድግልሃል» እያለ በማናቸውም ክምር ውስጥ የሚያስገባው ነው። እኛ ግን ሁለቱም ፍርዶች ከአንድ ስሕተት የመነጩ ናቸው እንላለን፤ ይኸውም ካርታውን ከጓደኞቹ ለይቶ ለብቻው መመዘን ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሕጉን ባጭሩ እናስረዳ። ማርቨል ስናፕ ሰከንድ ዲነር የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው፥ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ፥ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 የተለያዩ ካርታዎች ይዘው በሦስት ስፍራዎች ላይ ይወዳደራሉ። ግጥሚያው እንደ ወትሮው 6 ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር 1፥ በሁለተኛው 2፥ እንዲህ እያለ በስድስተኛው 6 ጉልበት ለእያንዳንዱ ይሰጠዋል፤ ካርታ የሚገዛውም በዚህ ጉልበት ነው። በዙሩ ውስጥ ያልተሠራበት ጉልበት ወደሚቀጥለው አይተላለፍም፤ ባክኖ ይቀራል። በአንድ ስፍራ አንድ ተጫዋች ከ4 ካርታ በላይ ማኖር አይችልም። በመጨረሻ ከሦስቱ ስፍራዎች በሁለቱ የበለጠ ኀይል የያዘው ያሸንፋል። የሰንስፖት ችሎታም ከዚህ ከሚባክነው ጉልበት ጋራ የተያያዘ ነው፤ በየዙሩ መጨረሻ ሳይሠራበት ለቀረው ለእያንዳንዱ ጉልበት 1 ኀይል ለራሱ ይጨምራል።

ለመመዘን በቅድሚያ መለኪያ ያስፈልጋል። የካርታዎቹን ቁጥር አዘጋጆቹ በየጊዜው ስለሚለዋውጡት፥ እኛ ጨዋታው በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነበረውን ቁጥር እንይዛለን። በዚያን ጊዜ አንዳችም ልዩ ችሎታ ያልነበራቸው ካርታዎች ነበሩ፤ እነርሱ የጉልበትን እውነተኛ ዋጋ ያሳዩናል። ሚስቲ ናይት በ1 ጉልበት 2 ኀይል፥ ሾከር በ2 ጉልበት 3፥ ሳይክሎፕስ በ3 ጉልበት 4፥ ሀልክ በ6 ጉልበት 12 ኀይል ይሰጡ ነበር። ሰንስፖት ከሚስቲ ናይት ጋራ ሲወዳደር በ1 ኀይል ያንሳል። ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጉልበት ቢተርፍ እኩል ይሆናል፤ ሁለት ቢተርፍ ይበልጣታል። ከሁለት ባይዘል ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንለትም ነበር። ነገር ግን ተጫዋቹ በሁለተኛው ዙር በእጁ ባለ 3 ዋጋ ካርታዎች ብቻ ቢኖሩት 2 ጉልበት ይተርፈዋል፤ በአራተኛው ዙር ባለ 3፥ በአምስተኛውም ባለ 4 ዋጋ ካርታ ቢያወጣ በእያንዳንዱ 1 ይተርፈዋል። በጠቅላላው 4 ጉልበት ማለት ነው። ያለ ሰንስፖት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከእርሱ ጋራ ግን አንዱ ኀይል አምስት ይሆናል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚህም ሌላ፥ ስፍራው በ4 ካርታ ከሞላ በኋላ እንኳ ሰንስፖት ባለበት ማደጉን አይተውም።

ይህ ሁሉ ግን ካርታው በጊዜው እጅ ላይ ከገባ ነው። ተጫዋቹ በ3 ካርታ ይጀምራል፤ በየዙሩም አንድ ይጨምራል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዙር ከ12ቱ ካርታዎች 4ቱን ብቻ ስለሚያይ፥ ሰንስፖትን የሚያገኘው ከሦስት ግጥሚያ በአንዱ ነው። እስከ ስድስተኛው ዙር ድረስም የሚያየው 9 ካርታ ስለሆነ፥ ከአራት ግጥሚያ በአንዱ ጨርሶ አይመጣለትም። በመጨረሻው ዙር ከባለ 5 ዋጋ ካርታ ጋራ አብሮ ቢወርድ፥ የሚተርፍ ጉልበት ስለሌለ ኀይሉ 1 እንደ ሆነ ይቀራል። ያን ጊዜ ሚስቲ ናይት ትሻላለች። «ራሱ ያድግልሃል» የሚሉት ሰዎች ይህን የዘነጉ ይመስለናል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰንስፖት የሚያድግበት ዘመን የለውም።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ደግሞ ካርታውን ለማሳደግ ሲባል ሆን ብሎ ሥራ መፍታት ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሰንስፖት አንዱን ጉልበት በአንድ ኀይል ይመነዝራል። ከላይ ከጠቀስናቸው ካርታዎች ውስጥ በንጽጽር ትንሹን የሚሰጠው ሳይክሎፕስ እንኳ በ3 ጉልበት 4 ኀይል ስለሚሰጥ፥ ሊወርድ የሚችል ካርታ በእጁ ይዞ ጉልበቱን ለሰንስፖት የሚተው ሰው በፈቃዱ ይከስራል። ቃርሚያ ከአጨዳ በኋላ የወደቀውን መልቀም ነው፤ ለቃርሚያ እንዲተርፍ ብሎ እህሉን ሳያጭድ የሚተው ገበሬ የለም።

አንድ የታወቀ ልዩ ሁኔታ አለ። «ኢንፊኖት» የሚባለው ካርታ በ6 ጉልበት 20 ኀይል ይሰጥ ነበር፤ ሕጉ ግን ባለፈው ዙር ካርታ ያወረደ ሰው እንዳያወርደው ይከለክላል። ስለዚህ አምስተኛው ዙር በግዴታ ባዶ ይሆናል። ሰንስፖት አስቀድሞ ከወረደ ግን በዚያ ዙር 5 ይጨምራል፤ በስድስተኛው የኢንፊኖት 20 ሲደመር በሁለቱ ዙሮች 25 ኀይል ይገኛል። በእነዚያው ሁለት ዙሮች አቦሚኔሽንና ሀልክ ቢወርዱ የሚገኘው 9 እና 12፥ በድምሩ 21 ነበር። በዚህ ክምር ውስጥ መቆየት ስንፍና መሆኑ ቀርቶ ስልት ይሆናል። ሆኖም ድምር ብቻውን ድል አያመጣም፤ የሚፈለገው ሁለት ስፍራ ነው። ሰንስፖት ከኢንፊኖት ጋራ በአንድ ስፍራ ቢቀመጥ ትርፉ በትርፍ ላይ ይደራረባል፤ በሌላ ስፍራ ቢቀመጥ ግን ሁለተኛውን ስፍራ ለማሸነፍ ይረዳል።

የካርታው ጠላቶችም መታሰብ አለባቸው። በ3 ጉልበት የሚወርደው ኪልሞንገር ዋጋቸው 1 የሆኑትን ካርታዎች ሁሉ ያጠፋል። ሰንስፖት ኀይሉ ስምንት ቢደርስም ዋጋው ያው 1 ነውና አያመልጥም። ሻንግ ቺ ደግሞ በተቀመጠበት ስፍራ ኀይላቸው 9 እና ከዚያ በላይ የሆነውን የተቃዋሚ ካርታዎች ያጠፋ ነበር። እንግዲህ ሰንስፖት ከታች በዋጋው፥ ከላይ በኀይሉ የሚያዝ ነው። የብዙ ዙር ቁጠባን በአንድ ሳጥን ያኖረ ሰው ሳጥኑ ሲሰበር ሁሉንም ያጣል።

የመጨረሻው ጥያቄ ካርታው ጀግናውን ይመስላል ወይ የሚል ነው። ሰንስፖት፥ በስሙ ሮቤርቶ ዳ ኮስታ፥ ክሪስ ክሌርሞንትና ቦብ ማክላውድ የፈጠሩት ብራዚላዊ ወጣት ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከ«ኒው ሚውታንትስ» ጓደኞቹ ጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የፀሐይን ብርሃን በሰውነቱ እየሳበ ወደ ጉልበት ይለውጠዋል። በዚህ በኩል ካርታው በጣም ተሳክቷል፤ ማንም የማይፈልገውን ትርፍ ጉልበት ወስዶ ኀይል ማድረጉ ባሕርዩን ያለ ብዙ ቃል ያስረዳል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሮቤርቶ ኀይሉ የፈነዳበት በእግር ኳስ ሜዳ ላይ በቁጣ ጊዜ ነው፤ ቶሎ የሚግል ልጅ ነው። ካርታው ግን ዝም ብሎ ጠባቂ ነው። ችሎታውን ወስዶ ጠባዩን ትቷል። ይህን እንደ ጉድለት እንቆጥረዋለን፤ ቢሆንም በአንድ መስመር ሕግ ሁለቱንም መግለጽ ቀላል እንዳልሆነ አንክድም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ጉልበቱን በየዙሩ አሟጦ በሚሠራ ክምር ውስጥ ሰንስፖት ትርፍ ሸክም ነው፤ ቢወጣ ይሻላል። ዋጋቸው ከፍ ያለ ካርታዎች በበዙበትና ክፍተት በማይቀርበት ክምር ውስጥ ግን ከሚስቲ ናይት ይልቅ ይመረጣል። እንደ ኢንፊኖት ያለውን በሚጠብቅ ክምር ውስጥ ደግሞ ዋና ባልደረባ ነው። ስለ ርካሽ ካርታ የሚጠየቅ ሰውም «ደግ ነው» ወይም «ክፉ ነው» ከማለቱ በፊት «ከማን ጋራ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የቀና ይሆናል እንላለን።