«ጨመረ» እና «ይጨምራል»፦ ስለ ግስ ጊዜ በጥናት ጽሑፎቻችን

በአማርኛ በሚቀርቡ የጥናት ጽሑፎች ዘንድ ከፊደል ግድፈት ይልቅ የሚያሳስበኝ የግስ ጊዜ አያያዝ ነው። ለአስተያየቴ አዴትን አብነት አደርጋለሁ። ይህች የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት፣ ዙሪያዋም ጤፍ፣ ስንዴና ድንች የሚበቅልባት ናት።

አንድ ተመራማሪ በአዴት ማሳ ላይ ለአንድ ክረምት የማዳበሪያ ሙከራ አደረገ እንበል። በውጤቱ ክፍል «ምርቱ ጨመረ» ይላል፤ መልካም ነው። በማጠቃለያው ግን «ምርት ይጨምራል» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ግሱ ነው። «ጨመረ» የታየውን ይመሰክራል፤ «ይጨምራል» ግን ላልተለካ መሬትና ገና ላልዘነበ ዝናብ ዋስ ይሆናል። እንደ ዋሸራ ባሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የሚሰጠው የግእዝ ሰዋስው ለዚህ ቅርጽ «ትንቢት» የሚል ስም አለው። ተመራማሪያችንም ሳያስበው ተነበየ ማለት ነው።

«ቁም ነገሩ ሠንጠረዡ እንጂ ግሱ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ሠንጠረዡ ሳይሆን የማጠቃለያው ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያ ቃል ተማምኖ በዱቤ ማዳበሪያ የሚገዛውም እርሱ ነው።

«ይጨምራል» ፈጽሞ አይጻፍ ማለቴ አይደለም። ዘወትር እውነት የሆነ ነገር የሚገለጸው በዚሁ ቅርጽ ነው። ነገር ግን «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው እንኳ ገደብ አለው፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው አዴት ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል።

ሌላው ስሕተት ከጥናቱ ዕቅድ የሚወረስ ነው። ሥራው አልቆ ጽሑፉ ሲቀርብ የአሠራር ዘዴው ክፍል አሁንም «መረጃ ይሰበሰባል» ይላል። አንባቢው የተሠራውን ከታሰበው መለየት ይሳነዋል። ገበሬ ግን እነዚህን አይቀላቅልም። «ዘርቻለሁ» ሲል ዘሩ መሬት ውስጥ ነው፤ «ዘርቼ ነበር» ሲል ሰሚው ወዲያው «ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ ጥናት የምናማክር መምህራን የተማሪውን ረቂቅ ስናርም በየግሱ ሥር «መቼ? የት?» ብለን እንጻፍ። መልስ ያጣው «ይጨምራል» ወደ «ጨመረ» ይመለስ።